ለሐይቅ ጉዞ ሻንጣ ስናዘጋጅ፣ የጸጉራችንም ነገር

(በጥቅምት ወር የአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ተራ ሲደርስ በዚህ አዳራሽ ማዛጋት እንደሚጀመር እናውቃለን። ዛሬ ግን ይዘን የቀረብነው የሩብ ዓመቱን ሚዛን አይደለም። ስለ ሳሙና፣ ስለ ሚዶ፣ ስለ ሻሽና ስለ ቅቤ ነው የምንናገረው። ኅዳር 21 ለጽዮን ማርያም በዓል ወደ ዝዋይ ደብረ ጽዮን ለምናደርገው ጉዞ 42 አባላት ተመዝግበዋል። አውቶቡሱም ጀልባዎቹም ተይዘዋል። የቀረው ሻንጣው ነው። «ሻንጣ ለመያዝ ደግሞ ንግግር ያስፈልጋል ወይ?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡን፤ ነገሩ የሚጀምረው ከመዝገባችን ነው።

ባለፈው ዓመት ለዚሁ ጉዞ 38 ሰው ተመዘገበ። እያንዳንዷ አባል በወር 150 ብር፣ ለአሥር ወር 1,500 ብር አጠራቀመች። ጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው ሰባት ሰዎች ገንዘባቸውን መልሰው ወሰዱ። ተመላሽ በሚለው ዓምድ ምክንያቱን እንጽፋለን፤ ሁለቱ ታመው፣ አንዷ ለቅሶ ደርሶባት፣ አራቱ ደግሞ «በግል ጉዳይ»። ጻፍነው፣ አስፈረምን፣ ዘጋነው። ለሒሳብ ሰው «የግል ጉዳይ» የተሟላ ምክንያት ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሌላ ነገር ነበር። የጉዞ ኮሚቴው ለሳሙና፣ ለመታጠቢያ ውኃ፣ ለጸጉር ቅባት፣ ለሞዴስና ለሶፍት በሰው 120 ብር፣ በጠቅላላው 4,560 ብር እንዲያዝ ጠይቆን ነበር። እኛ አልፈቀድንም። «የግል ንጽሕና መጠበቂያ የማኅበር ወጪ አይደለም» ብለን በቀይ እስክሪብቶ መለስነው። ደንቡን ስናየው ትክክል ነበርን። ነገር ግን አውቶቡሱ የሚከራየው በጥቅል ነው፣ ጀልባውም እንዲሁ። ሰባት ወንበር ባዶ ሲሆን የሰባቱን ድርሻ የተሸከሙት የሄዱት 31 ናቸው። ለአራቱ «የግል ጉዳይ» ብቻ 6,000 ብር መልሰናል። 4,560 ብር ቆጥበናል ብለን ስንኩራራ በሌላ በኩል ከዚያ በላይ አጥተን ነበር ማለት ነው።

ብሩን እንተወውና ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ከአራቱ አንዷ በዚህ ማኅበር ከመጀመሪያው ጀምሮ ያሉ እናታችን ናቸው። እንድንናገር ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም። ልጃቸው ከቤሩት በሰላም ብትመለስ ለጽዮን ማርያም ጥላ ይዘው ሊሄዱ ስለት ነበረባቸው። ልጅቷ ተመለሰች። ጥላው ተገዛ። እሳቸው ግን ቀሩ፤ ጥላውን በጋዜጣ ጠቅልለው በእኛ እጅ ላኩት። አውቶቡሱ ላይ ከወንበሩ በላይ አጋድመን፣ ጀልባው ላይ ደግሞ በጉልበታችን ይዘን አደረስነው። ደሴቲቱ ላይ የተቀበለን አባት «ባለ ስለቷ የታሉ?» ብለው ሲጠይቁን «አሟቸው ነው» አልናቸው። እውነቱን ስለማናውቅ የመጣልንን ተናገርን። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዋሽተናል።

ከጉዞው በኋላ ቤታቸው ሄድን። ቡና ተፈልቶ፣ ሁለተኛው ሲኒ ላይ «እማማ፣ ገንዘቡን ለምን አወጡት?» አልናቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ሻሻቸውን በእጃቸው እየነካኩ «ልጄ፣ ማታ ማታ ሁላችሁም ሻሽ ፈትታችሁ ትጎነጎናላችሁ። እኔ የት እቀመጣለሁ?» አሉን።

ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ከእንጦጦ ጫካ ከ30 ኪሎ በላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባ ተሸክሞ ሲወረድ፣ ሻሽ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ቅጠሉ፣ አቧራውና ላቡ ከሥሩ ይከማቻል። ማታ ደግሞ የምድጃ ጭስ አለ። ሳምንት ሙሉ አይፈታም። ለበዓል ሲፈታም «እንዳይበላሽ» ተብሎ ግንባር እስኪሳብ ድረስ ሹሩባ ይሠራል። ሃያ ዓመት እንዲህ ከተኖረ የግንባርና የጆሮ ግንድ ጸጉር ይሸሻል። የእናታችንም እንዲሁ ነው። ሌሎቹን ሦስቱንም በየቤታቸው ጠየቅን። አንዷ ለጸጉር ቤት የምትከፍለው አልነበራትም። አንዷ የወር አበባዋ የሚመጣበት ቀን ከጉዞው ጋር ስለገጠመባት፣ ውኃና መጸዳጃ በሌለበት ጀልባ ላይ ምን እሆናለሁ ብላ ነው። ሦስተኛዋ አልነገረችንም፤ መብቷ ነው። በመዝገባችን ላይ «የግል ጉዳይ» ብለን የዘጋነው ይህንን ነበር።

ለመታጠብ ብሎ ከእንጦጦ መውረድ በእኛ አልተጀመረም። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እዚሁ ተራራ ላይ ከትመው ሳሉ፣ ብርዱና ነፋሱ ሲከፋ ቤተ መንግሥቱ ሁሉ እየወረደ ፍል ውኃ ይታጠብ ነበር። እቴጌ ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠርተው አዲስ አበባ አሏት። ይህ ሁሉ ከተማ የተነሣው ሰዎች ሙቅ ውኃ ፍለጋ በመውረዳቸው ከሆነ፣ የሳሙና ወጪ በጉዞ በጀት ውስጥ አንድ መስመር ቢያገኝ አይበዛበትም። ዘንድሮ ዋጋው ጨምሮ በሰው 180 ብር፣ ለ42 ሰው 7,560 ብር ይዘናል። ኦዲተር ቢጠይቀን የምንመልሰው መልስ አለን።

አሁን ወደ ጉዞው እንግባ። እዚህ እኛ የምንኖረው ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ነው፤ ዝዋይ ግን 1,600 ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ መቂን አልፎ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። እንጦጦ ላይ በአናታችን እንደ ድንጋይ ደርቆ የሚውለው ለጋ ቅቤ መቂ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አምና አይተናል። ሌሊት ስንነሣ አምስት ስድስት ሰው አናቱን ሞልቶ ተቀብቶ ነበር። ረፋድ ላይ ቅቤው በአንገት፣ በነጠላ ጥለት፣ በወንበሩ ጨርቅ ላይ ወረደ። መስኮት ሲከፈት አቧራው ተጣበቀ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ደግሞ ዝንቡ ተቀበለን። ረዳቱ ለወንበር ማጽጃ ያስከፈለንን ደረሰኝ እስካሁን ይዘነዋል።

ቅቤ አትቀቡ ማለታችን አይደለም። ቅቤ ለደረቀ ጸጉር፣ በተለይ ለብርድና ለነፋስ አገር ሰው፣ እናቶቻችን ያቆዩልን መድኃኒት ነው። ጥያቄው ቀኑ ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። በጾም ቅቤ አናትንም አይነካም የሚሉ እናቶች አሉን፤ እናከብራለን። ኅዳር 12 ሚካኤል ነው፤ ደግሞም ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ስለሚሆን የታጠበ ጸጉር ወዲያው ይሸታል። (ይህ የማጠን ልማድ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ጊዜ የተጠናከረ ነው ይባላል፤ እኛ ግን ለጸጉራችን ስንል በዚያ ቀን ከቤት ባንወጣ ይሻላል።) ስለዚህ የቅቤ ቀናችን ኅዳር 13 ይሁን። በአዳራሹ ተሰብስበን፣ አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ ከማኅበሩ ቀርቦ እንቀባባለን፤ በላስቲክና በሻሽ ሸፍነን እናድራለን። በማግስቱ ለብ ባለ ውኃ፣ ሳሙና ሳናበዛ፣ ሁለት ጊዜ አጥበን እናወጣዋለን። ጾሙ ሲገባ ጸጉራችን ቅቤውን ጠጥቶ ጨርሷል።

ሹሩባው ኅዳር 18 እና 19 ይሠራል። ማኅበራችን ውስጥ እጃቸው የታወቀ ሦስት ሠሪዎች አሉ፤ ለነሱ የሚከፈለው ከዚሁ 180 ብር ውስጥ ነው። ሠሪዎቹን አንድ ነገር እንለምናለን፤ አጥብቃችሁ አትሳቡ። ሹሩባ ተሠርቶ ቆዳ ካመመ፣ ግንባር ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ከወጣ፣ ወይም ለመተኛት ካስቸገረ ተስቧል ማለት ነው፤ ይፈታ። «ሲያም ነው የሚያምረው» ይባላል፤ ያ አባባል የስንቱን ግንባር እንዳራቆተ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዞር ብሎ ማየት ይበቃል። ሰው ሠራሽ ጸጉር የምትጨምሩም ቀለል ያለና አጭር ይሁን፤ ረጅሙ ውኃ ሲነካው ይከብዳል፣ ሥሩንም ይጎትታል። ዊግ የምታደርጉ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ወይም ጀልባ ላይ አውልቃችሁ በሻሽ ተኩት። ከሰዓት በኋላ በዝዋይ ላይ የሚነሣው ነፋስ ቀልድ አያውቅም።

ጀልባው ላይ አምና ያስደነገጠን ነገር አለ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሲታደል ከኋላ ትልቅ ቋጠሮ የሠሩ ሁለት እህቶቻችን «ጸጉሬን ያበላሸዋል» ብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። የጃኬቱ አንገትጌ ቋጠሮውን ይገፋዋል፤ እውነታቸውን ነው። ሐይቁ ጥልቀቱ ብዙ ባይሆንም መዋኘት ለማይችል ሰው ሦስት ሜትርም ሠላሳ ሜትርም አንድ ነው። በመካከል ማዕበል ተነሥቶ ውኃው በጎን ሲረጨን፣ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ጃኬቱን ማሰር አቅቷቸው ሌሎች አሰሩላቸው። ዘንድሮ ስለዚህ ሹሩባው ወደ ታች የወረደ ጉንጉን ይሁን እንጂ ከማጅራት ላይ አይቋጠር። ጃኬቱ ከነጠላው በላይ ይታሰራል። ያላሰረች ጀልባ ላይ አትወጣም፤ ይህን በተመለከተ ሒሳብ ክፍልም ጉዞ ኮሚቴም አንድ ቃል ነን።

ሻንጣውን በተመለከተ፣ በሰው አንድ መለስተኛ ቦርሳ ብቻ። አምና ከ31 ሰው 60 የሚያህል ዕቃ ወጣ። ፌስታሉ፣ ዘንቢሉ፣ ሻንጣው ጀልባው ወለል ላይ ተደራርቦ የታችኛው በሙሉ ረጠበ። ቦርሳችሁ ውስጥ ያለውን ሁሉ በመጀመሪያ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ቋጥሩት።

ፈሳሽ ነገር አታብዙ። አምና ሻምፑና ሎሽን በትልልቅ ጠርሙስ የያዙ ነበሩ። እንጦጦ ላይ የተከደነ ላስቲክ ጠርሙስ ታች ሲወርድ ጭምድድ ይላል፤ ታች ተከፍቶ የተከደነው ደግሞ ወደ ላይ ስንመለስ ይነፋና በክዳኑ ያፈሳል። የአየሩ ግፊት ከከፍታው ጋር ስለሚለዋወጥ ነው። አንዲት እህታችን የበዓል ቀሚሷን ከሻምፑ ለማውጣት ሦስት ጊዜ አጥባዋለች። የገላ ሳሙና ደረቁ ይበቃል፤ በግማሽ ቆርጠን በጨርቅ ጠቅልለን እናድላለን። ለጸጉር የምንይዘው የጾም ስለሆነ የጉሎ ዘይት ነው፤ በትንንሽ ብልቃጥ ሞልተን፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽገን እንሰጣለን። ተልባ አፍልታችሁ የምታጠሉትን ዝልግልግ ቅባት የምትወዱ ግን እዚሁ ቤታችሁ ተጠቀሙበት፤ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

(ስለ ፈሳሽ ከተነሣ አይቀር፣ ልጆቻቸውን ወደ ውጭ የሚሸኙ እናቶች ልብ በሉ። አውሮፕላን ውስጥ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ከ100 ሚሊ ሊትር በሚበልጥ ዕቃ የተሞላ ፈሳሽ በብዙ አገር አይፈቀድም፤ ቅቤም ቅባትም ከፈሳሽ ይቆጠራል። የጸጉር ቅቤዋን ለልጃችሁ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉላት። አየር ማረፊያ ላይ ተወስዶባት ያለቀሰች ልጅ እናውቃለን።)

ሚዶ ከየቤታችሁ፣ የራሳችሁን። በዚህ ላይ መዋዋስ የለም። ቆረቆርም ቅማልም በሚዶና በሻሽ ይተላለፋሉ፤ አንዷ ጋር የነበረው ለሠላሳ ሰው ይደርሳል። ሁለት ሻሽ ያዙ፣ አንዱ ለቀን፣ አንዱ ለመኝታ፤ የሌሊቱ ለስለስ ያለ ቢሆን ሹሩባውን አይፍቀውም። በኅዳር የሐይቁ ዳር ሌሊት ስለሚበርድ እርጥብ ጸጉር ይዛችሁ አትተኙ። ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን፣ ጫማ ስለሚወለቅም ካልሲ። ቫዝሊን ለከንፈርና ለተረከዝ። የጥርስ መፋቂያ የለመዳችሁ መፋቂያችሁን፣ ብሩሽ የለመዳችሁ ብሩሻችሁን። ሽቶ ተዉት።

ሞዴስ ለሁሉም በየላስቲኩ ውስጥ ይገባል። የሚያስፈልጋትም የማያስፈልጋትም ትይዛለች፤ ማን እንደፈለገች እንዳይታወቅ ሆን ብለን ነው። ያረጡ እናቶቻችን ይሥቁብን ይሆናል፤ ለጎረቤታቸው ይሰጡታል። የወር አበባ የመጣባት ወደ ቅጽር ውስጥ ባትገባም ከጉዞው አትቀርም። ከቅጽሩ ውጭ ጥላ ያለበት ቦታ ይነጠፋል፣ አንድ የኮሚቴ አባልም አብራት ትቀመጣለች። የተጠቀማችሁበትን ዕቃ የምትጨምሩበት ጥቁር ላስቲክ አለ። ተቋጥሮ ተመልሶ ከእኛ ጋር ይመጣል እንጂ ደሴቲቱ ላይም ውኃው ውስጥም አይጣልም።

የመታጠቢያ ውኃ ለአንድ ሰው ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ነው። ትንሽ መስሎ ከታያችሁ፣ ሹሩባ ሳይፈታ ለፊት፣ ለእግርና ለሰውነት እንደሚበቃ ሞክረን አይተናል፤ አንዱን ክዳን በመርፌ ቀዳድታችሁ እንደ ሻወር መጠቀም ይቻላል። ሐይቁ ውስጥ ገብታችሁ በሳሙና አትታጠቡ። የደሴቱ ሰዎች ለመጠጥና ለማብሰያ የሚቀዱት ከዚሁ ውኃ ነው፤ እኛ የአንድ ቀን እንግዳ ሆነን አረፋችንን ልንተውላቸው አይገባም። ለእኛም ቢሆን አይበጅም፤ በአገራችን ብዙ ሐይቆች ዳር ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ አለ፣ ማታና ንጋት ላይም ጉማሬ ከውኃው ዳር አይጠፋም።

ለጋሾቻችን ዛሬ ስላላችሁ አንድ ነገር በፊታችሁ እንበል። አምና የላካችሁልን የሆቴል ሻምፑ ካርቶን ከልብ አስደስቶናል፤ ትንንሽ ጠርሙሶቹን አጥበን ዘንድሮ ለጉሎ ዘይቱ እንጠቀምባቸዋለን። ሻምፑው ግን የእኛን ጸጉር አድርቆታል። የእኛ ጥቅልል ጸጉር ከቆዳው የሚወጣው ወዝ እስከ ጫፉ ስለማይደርስለት ቅባት ነው የሚፈልገው። ቀጣይ ጊዜ ልትልኩ ስታስቡ አስቀድማችሁ ብትጠይቁን ደስ ይለናል። ለጸጉር መጠበቂያ ከታሰበው ውስጥ ጥቂቱ ለሕክምና ቢውል ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ጸጉራቸው እየሸሸ ወይም ቆዳቸው እየቆሰለ ያሉ አባላትን ከታኅሣሥ ጀምሮ በየተራ ወደ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ለመውሰድ አስበናል፤ የትራንስፖርትና የካርድ ወጪው ነው ያልተሸፈነው። ቶሎ ከተደረሰበት የሚመለስ ጸጉር አለ። የቆየው ላይመለስ ይችላል፤ ያንን ለማንም ቃል አንገባም።

ማታ ደሴቲቱ ላይ የምናድርበትን ነገር ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረናል። ሴቶቹ የሚያድሩበት ድንኳን በመጋረጃ ለሁለት ይከፈላል። ሻሿን ፈትታ መጎንጎን የምትፈልግ በአንድ ወገን፣ ሻሿን እንዳሰረች መተኛት የምትፈልግ በሌላ ወገን ትሆናለች። የትኛዋ ለምን እዚያ እንደሆነች አይጠየቅም። ይህን ሐሳብ ያመጡት ጥላውን የላኩት እናታችን ናቸው፤ መጋረጃውንም ከራሳቸው ጨርቅ ሰፍተው ሰጥተውናል።

እሳቸው ራሳቸው ይሄዳሉ ወይ? የተመዝጋቢዎቹ ዝርዝር ላይ ስማቸው አለ፤ እስከ መስከረም ያለውን ከፍለው ጨርሰዋል። አምናም እስከ መጨረሻው ሳምንት ከፍለው ነበር። ስለዚህ አሁን ምንም አንልም። በተመላሽ ዓምድ ግን ከእንግዲህ «የግል ጉዳይ» ብለን ጽፈን አንዘጋም፤ ገንዘቧን የምታወጣ አባል ቤቷ ሄደን ቡና ጠጥተን ነው የምናስፈርማት።

የቀረውን የጥቅምት ክፍያ እስከ ወሩ መጨረሻ አስገቡ። ኅዳር 13 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ለቅቤው እዚሁ እንገናኝ፤ አሮጌ ሻሽ ለብሳችሁ ኑ፣ ሚዷችሁንም አትርሱ። ኅዳር 20 አውቶቡሱ የሚነሣው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።